አፋችን የነበሩት አያ እንየው

የሞታቸውን ወሬ የነገረኝ የመሥሪያ ቤታችን ጥበቃ ሙጨ ነው። ጉና ብርዱን በጆንያ ቋጥሮ ወደ ደብረ ታቦር የላከበት ጠዋት ነበር፤ እንዲህ ባለው ጠዋት በእኛ አገር ውሻ ሲጮህ ጩኸቱ አፉ ላይ በረዶ ሆኖ ይቀርና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ነው የሚሰማው። ሙጨ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ በሩ ላይ ጠበቀኝና «እኒያ ሰውዬ አረፉ» አለኝ። ስም አልጠራም። እኔም የትኛው ሰውዬ ብዬ አልጠየቅሁትም። በዚያ በር ላይ፣ በእኔና በእሱ መካከል፣ «እኒያ ሰውዬ» አንድ ናቸው።

ወደ ገሳይ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ሁለት ሰው በሚያስቀምጥ ወንበር ላይ ስድስት ሆነን፣ የጎረቤታችንን ትንፋሽ በየተራ እየተነፈስን ለቀብሩ ደረስሁ። ብዙ ሰው አልመጣም። ድሮ ቢሆን ለአያ እንየው ቀብር አገሩ ባዶ ይቀር ነበር፤ ላሞቹም ተከትለው ይመጡ ነበር። አሁን ግን የመጡት ጥቂት ሽማግሎች ዓይን ለዓይን ላለመተያየት መሬት መሬቱን እያዩ አፈር አለበሷቸውና በየፊናቸው ተበተኑ።

እኔን ሰዎች አጋናኝ ነው ይሉኛል። አላጋንንም፤ ነገሩ ራሱ ሰፋ ብሎ ስለሚመጣብኝ ነው። ስለ አያ እንየው ግን ከራሴ አንዲት ቃል አልጨምርም። ብጨምር ከመቃብር ተነሥተው፣ ያውም በራሴ ድምፅ፣ ያርሙኛል።

ቀበሌያቸው ከገሳይ መለስ ብላ ያለች ናት። ስሟን አልጠራም፤ እኔም ድንቿን በልቼ ያደግሁባት ስለሆነች፣ ብጠራት ዘመድ ሁሉ ነገ ደጄ ላይ ነው። ደርግ ወድቆ ምርጫ የሚሉት ነገር ወደ እኛ ተራራ ሲወጣ፣ ሕዝቡ ለወረዳው ምክር ቤት ወኪል ምረጥ ተባለ። እኛ ዘንድ ሰው መወከል አዲስ ነገር አይደለም። ለሙግት ይሁን ለእርቅ፣ ልጅ ለመጠየቅ ይሁን ደም ለማድረቅ፣ ሁልጊዜ አንድ አፍ ያለው ሰው ይላካል። ስለዚህ ማንም ብዙ ሳይጨነቅ አያ እንየውን ላከ።

እኔ በዚያን ጊዜ የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነበርሁ። ሥራዬ ሰው የተናገረውን መጻፍ ነው ይባል እንጂ ብዕሬ ሥራውን ብቻዋን ለምዳው ነበር። እኔ ሸለብ ሲያደርገኝ እሷ «ጉባኤው በሰፊው ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ አጽድቆታል» ብላ ጨርሳ ትቀሰቅሰኛለች። አያ እንየው የተነሡ ቀን ግን ሁለታችንም እንነቃለን።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ሲበተን፣ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ካለችው ጽድ ሥር ይቀመጣሉ። አቤት ባይ መጥቶ ብሶቱን ይናገራል። ሲጨርስ አያ እንየው ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ያንኑ ብሶት በዚያው ሰው ድምፅ፣ በዚያው ሰው ሳል፣ በዚያው ሰው ትንፋሽ ለራሱ ለባለቤቱ መልሰው ያሰሙታል። «እንዲህ ነው?» ይሉታል። እንዲህ ነው ካለ ይዘውት ወደ ወረዳ ይሄዳሉ። አይደለም ካለ እንደገና ይጀመራል። የሰውን ቃል አያሳምሩም፣ አያለዝቡም፣ የራሳቸውን ሐሳብ አይለጥፉበትም። «ወኪል በቅሎ ነው» ይሉ ነበር። «የጫኑበትን ያደርሳል እንጂ ከጭነቱ ላይ አይበላም።»

አንድ እሑድ እማማ ውድነሽ የሚባሉ አሮጊት ስለ ተበላሸው የውኃ ፓምፕ አቤት አሉ። እማማ ውድነሽ ጥርስ የላቸውም፤ ምላሳቸው ግን የአንድ መንደር ሰው ጥርስ የሚሠራውን ሥራ ይሠራ ነበር። አያ እንየው ሰምተው ሲያበቁ አፋቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ወንዝ ወርደው በእንስራ ውኃ ሲቀዱ እንዴት እንደ ወደቁ በአሮጊቷ ድምፅ ተናገሩ። እማማ ውድነሽ በጥሞና አዳመጡና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይደለም» አሉ።

«ምኑ ጎደለ፣ እማማ?»

«እኔ ከዚህ የባሰ ነው የተናደድሁ።»

ሰንበቴው በሣቅ ፈረሰ። አያ እንየው ግን አልሣቁም። ወገባቸውን ጠበቅ አድርገው እንደ አዲስ ተቆጡላቸው፤ አሮጊቷ «እሱ ነው፤ አሁን እኔ ነኝ» እስኪሉ ድረስ።

በሳምንቱ በምክር ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ተነሥተው ያንን ቁጣ ሳያጎድሉ አወረዱት። ዓይኑን የጨፈነ ሰው እማማ ውድነሽ ከነበትራቸው ገብተዋል ይላል። የወረዳው አስተዳዳሪ፣ ሲቆጣ የቢሮው ቆርቆሮ የሚንቀጠቀጥለት ሰውዬ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «እሺ እማማ፣ ይሠራል» አለ። ከዚያ ማን ፊት እንደ ቆመ ትዝ አለውና ተቀመጠ። አዳራሹ ጣሪያው እስኪነሣ ሣቀ። ፓምፑ ግን ተሠራ። እኔ «እማማ» የምትለዋን ቃል ቃለ ጉባኤው ላይ ላስገባት ወይስ ልተዋት ብዬ ግማሽ ቀን ተጨንቄ በመጨረሻ አስገባኋት።

መልሱንም እንዲሁ ይዘው ነበር የሚመለሱት። እሑድ ጽዷ ሥር ሰው ይሰበሰብና «ምን አሉ?» ይላል። አያ እንየው ደረታቸውን ነፍተው፣ አገጫቸውን ወደ ውስጥ ስበው፣ በአስተዳዳሪው ወፍራም ድምፅ መልሱን ይሰጣሉ። ሁልጊዜ ደግ መልስ አልነበረም። በጀት የለም የተባለበት፣ ከእናንተ የባሰ አለ የተባለበት ብዙ ነው። ሰዉ ያጉረመርማል፣ አስተዳዳሪውን ይራገማል፣ በአያ እንየው አኳኋን ይሥቃል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ይገባል። ሰው የሚሰማው አግኝቶ ቢረታ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሳይሰማ ሲቀር ነው የሚያድረው ዱላውን ሲጠርብ።

እያደር አዳራሹ ውስጥ ሣቅ አነሰ። አስተዳዳሪው ተቀየረ፤ አዲሱ አጀንዳውን ከላይ የተጠቀለለ ይዞ የሚመጣ ሰው ሆነ። ጥያቄ ያለው እጁን ሲያወጣ ሰዓት አለቀ ይባላል። አያ እንየው ግን ሰዓት አለቀ ሲባሉ ያልጨረሱትን ቆመው ስለሚጨርሱ ግምገማ ተጠራባቸው። ገምጋሚው ከዞን የመጣ ክራባታም ነበር። «አባት፣ በዚህ የማስመሰል አቀራረብዎ የመድረኩን ክብር እያጎደፉ ነው» አላቸው። አያ እንየው በጥሞና ሰሙት። ከዚያ በልማድ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በዚያው ክራባት ባነቀው ድምፅ፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር መልሰው አሰሙትና «እንዲህ ነው?» አሉት። ሰውዬው ሳያስበው «እንዲህ ነው» አለ።

በዚያ አዳራሽ ውስጥ ከሆዴ የሣቅሁት ለመጨረሻ ጊዜ ያን ዕለት ነው።

በተከታዩ ምርጫ የአያ እንየው ስም አልመጣም። ከላይ የመጣው አንድ ስም ብቻ ነበር። እኛ ገበያ ወጥተን ድንች ስንገዛ እንኳ እያገላበጥን፣ እያሸተትን፣ ነጋዴውን እየሰደብን ነው። ያን ቀን ግን አንዲት ድንች መደብ ላይ ተቀምጣ ምረጡ ተባልን። ሰዉም ተሰለፈና መረጣት።

የተመረጠው ይበልጣል የሚባል የእኛው ቀበሌ ልጅ ነው፤ ዲፕሎማ ይዞ ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቶ የሚኖር። ክፉ ልጅ አልነበረም። ሲሰበሰብ እጁን ቶሎ ያወጣል። በጣም ቶሎ ከማውጣቱ የተነሣ አጀንዳው ሳይነበብ የይበልጣል እጅ ወጥቶ ሲጠብቅ ያየሁበት ቀን አለ። ወደ ቀበሌው የሚመጣው ለፋሲካ ነው፤ ሰንበቴ ላይ አይቀመጥም፤ ምን አሉ የሚለውም የለም።

ሰዉ ታዲያ ምን አደረገ? ምንም እንዳልተፈጠረ ብሶቱን ይዞ ወደ አያ እንየው መሄዱን ቀጠለ። ወንበር ተወሰደባቸው እንጂ አፋቸው መች ተወሰደ አለ። እሳቸውም እምቢ ማለት አያውቁም። ጭነቱን ተቀብለው ወደ ወረዳ ይመጣሉ፤ በሩ ላይ ሙጨ ያቆማቸዋል። ሙጨ ራሱ እያፈረ «አያ፣ ጥሪ የሌለው አይገባም ተብያለሁ» ይላቸዋል። ቀኑን ሙሉ አጥሩ ሥር ቁጭ ብለው፣ የአስተዳዳሪው መኪና አቧራውን አልብሷቸው ሲወጣ እየተነሡ እጅ ነሥተው፣ ማታ በእግራቸው ይመለሳሉ።

ያኔ የመጣው ብሶት ትልቁ ብሶት ነበር። ቀበሌያችን ጨፌ አላት፤ በጋ ከክረምት ሣሩ የማይደርቅ የወል ግጦሽ። እሱ ከሄደ ከብቱ ይሄዳል፣ ከብቱ ከሄደ እርሻው ይሄዳል። ለባለሀብት ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ከሁሉ የጋለው አዲሱ የሚባል ጎረምሳ ነበር፤ የእትዬ የሻረግ አንድ ልጅ፣ ከተማ ለከተማ የቀን ሥራ ሠርቶ ጥንድ በሬ ገዝቶ የተመለሰ። ወጣቶቹን ሰብስቦ መንገድ እንዝጋ አለ። አያ እንየው ከለከሉት። ቃላችሁን አድርሼ መልስ እስካመጣ ታገሡ አሉ። አዲሱ እንደ አባት ያያቸው ስለነበር ታገሠ።

እሑድ ሰዉ ጽዷ ሥር ተሰበሰበ። እኔም ለእናቴ ሙት ዓመት ሄጄ እዚያው ነበርሁ። ምን አሉ ተባሉ። አያ እንየው ሰዉን አሻግረው አዩ። ወጣቶቹ ከኋላ ቆመዋል፤ ዱላው ከሰው ይበዛል። ከዚያ ደረታቸው ተነፋ፣ አገጫቸው ወደ ውስጥ ገባ፣ የአስተዳዳሪው ድምፅ መጣ፦ «የጨፌውን ጉዳይ ይዘነዋል። አጥንተን መልስ እስክንሰጥ ድረስ አንድ ሰው አይነካውም።»

ሰዉ እፎይ አለ። እማማ ውድነሽ እልል አሉ። እኔ ግን የጠቀለልሁትን ጉርሻ መልሼ አኖርሁት። አስተዳዳሪው ያን ሳምንት ባሕር ዳር ስብሰባ ላይ ነበር፤ አያ እንየውን ያነጋገራቸው ሙጨና የሙጨ ውሻ ብቻ ናቸው።

ሰው ሲበተን ለብቻቸው ይዤ «አያ፣ አስተዳዳሪውን አላገኙትም እኮ» አልኋቸው።

«አላገኘሁትም።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ቃል ከየት መጣ?»

የጽዷን ቅርፊት በጥፍራቸው እየላጡ ቆዩ። «ልጆቹን አየሃቸው? ሰሚ አጣሁ ብዬ ብነግራቸው ራሳቸው ሊያሰሙ ይሄዳሉ። አንድ ቃል ከሰጠኋቸው ግን ዛሬን በሰላም ያድራሉ። እስከዚያ አንድ ቀን ያስገቡኛል።»

«በቅሎዋ ከጭነቱ መብላት ጀመረች በሉኛ» አልኋቸው፤ መቼም እኔ ቀልድ ካልጨመርሁበት ነገር አይዋጥልኝም። ቀና ብለው አዩኝና፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በእኔ በራሴ ድምፅ፣ እንቅልፍ በተጫነው የንባብ ዜማዬ «ጉባኤው በሰፊው ከተወያየ በኋላ…» አሉ። እንባዬ እስኪወርድ ሣቅሁ። ዓይኔን ጠርጌ ስመለከት ሄደዋል።

ከዚያ በኋላ በየእሑዱ መልስ ነበር። ኮሚቴ ተቋቁሟል። ዞን ደርሷል። ተስፋ አለ። ከእኒያ መልሶች አንዱንም አስተዳዳሪው አልተናገረውም፤ ነገር ግን እሱ ራሱ እንኳ እንደ እሳቸው አድርጎ ራሱን አይመስልም ነበር። በዚያች ቀበሌ የአስተዳዳሪው ስም ጥሩ ስም ሆነ። ለልጁ ዕድሜ የተሳሉለት ሴቶች ነበሩ።

ከመስከረም በኋላ አንድ ጠዋት ቀያሾች ገመድና ችካል ይዘው ጨፌው ላይ ወረዱ። እኔ የርክክቡን ቃለ ጉባኤ እንድጽፍ ታዝዤ አብሬ ነበርሁ፤ ይበልጣልም ሕዝቡን ወክሎ እንዲፈርም መጥቷል። ሰዉ ከየአቅጣጫው ወጣ። መጀመሪያ ጸብ አልነበረም፤ ግር ብሏቸው ነበር። አዲሱ ወደ ይበልጣል ቀርቦ ኮሚቴው ምን ወሰነ ብሎ ጠየቀው። ይበልጣል የምን ኮሚቴ አለ። ዞን የደረሰው አቤቱታስ ቢለው፣ ልጁ በቅንነት፣ ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ መለሰለት።

«እኔ እስካለሁ ስለ ጨፌው አቤቱታ የሚባል ምክር ቤት ቀርቦ አያውቅም።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያ እንየውን አየ። እሳቸውም አልካዱም። ቢክዱ እንዴት ደግ ነበር፤ ይበልጣልን ውሸታም ቢሉት ሺህ ሰው ያምናቸው ነበር። አንገታቸውን ደፉ።

ሕዝብ ሲቆጣ አይቻለሁ። ያ ግን ቁጣ ብቻ አልነበረም፤ ስንት እሑድ ተኝቶ ኖሮ ድንገት ቤቱ ሲቃጠል የነቃ ሰው ድንጋጤ ነበረበት። ችካሉ ተነቀለ። የመጀመሪያው ድንጋይ ይበልጣልን ቅንድቡ ላይ አገኘው። ቀያሾቹ ሲሮጡ ሰዉ ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጎረፈ፤ ገለባና ክብሪት ከየት እንደ መጣ አላየሁም። ይበልጣል ደሙን እያዘራ እዚያው ቢሮ ገብቶ ዘግቶበት ነበር። አያ እንየው ከሁሉ ቀድመው በሩ ላይ ደርሰው እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። አፋቸውን ከፈቱ። የማንን ድምፅ ሊያወጡ እንደ ነበር እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ። አዲሱ ቀደማቸው። አንቱ ብሎ ያደገ ልጅ፦

«ዝም በል፣ አያ እንየው። ያስተኛኸን አንተ ነህ። ከእንግዲህ በአንተ አፍ አንናገርም።»

አያ እንየው በሩን አልለቀቁም። በኋላ በኩል እኔና አንድ ቀያሽ ይበልጣልን በመስኮት ጎትተን አወጣነው። እሳቱ ጣሪያውን ሲይዝ ታጣቂዎች ደረሱ። ወደ ሰማይ ነው የተተኮሰው ተባለ። ወደ ሰማይ የተተኮሰው ጥይት አዲሱን ደረቱ ላይ መታው።

በለቅሶው ላይ አያ እንየው ሲመጡ ሰው ቦታ አልለቀቀላቸውም። ከድንኳኑ ደፍ ላይ ቆመው ቀሩ። አንዳንዶቹ ይውጡልን ሲሉ እትዬ የሻረግ እጃቸውን አነሡ። ልጃቸው መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ ሁሉም ሰው ደብቋቸው ነበር፤ ስለ እግዚአብሔር አለ የሚልም፣ እናቴን አለ የሚልም ነበር።

«አያ እንየው፣ አጠገቡ ነበሩ። ያለውን ይንገሩኝ። በድምፁ ይንገሩኝ።»

እኔ እዚያው ነበርሁ፤ እንዲዋሹ በልቤ ለመንኋቸው። አንድ ደግ ቃል ማን ይነፍጋታል? አያ እንየው ቆባቸውን አወለቁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ የሞተው ልጅ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ዝም በል፣ አያ እንየው፣ አለ። ያስተኛኸን አንተ ነህ፣ አለ። የመጨረሻዋን ቃል እስኪጨርስ ድረስ አንዲት ፊደል አላጎደለም፣ አልለዘበም፣ አንተነቱንም አልተወም። ሴቶቹ ጮኹ። እትዬ የሻረግ ዓይናቸውን ጨፍነው የልጃቸውን ድምፅ እስከ ጫፉ አዳመጡ። ይራገሟቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ይህንኑ ወረዳ ላሉት ይንገሩልኝ» አሉ። «የሚሉትንም ያምጡልኝ።»

በማግሥቱ ምክር ቤቱ ስለ ሰላምና መረጋጋት አስቸኳይ ስብሰባ ተቀምጦ ነበር። አስተዳዳሪው የጥፋት ኃይሎች ብሎ ስለ ጠራቸው ሰዎች እያብራራ ነው። ይበልጣል ራሱን በፋሻ ጠምጥሞ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ከውጭ፣ ከበሩ በኩል፣ የአዲሱ ድምፅ መጣ። አዳራሹ ውስጥ የነበረ የቀበሌያችን ሰው እኔና ይበልጣል ብቻ ስለሆንን ሌላው ማን እንደሆነ አላወቀም፤ አንድ ጎረምሳ አጥር ላይ ይጮኻል ነው ያሉት። አስተዳዳሪው መስኮቱን ዝጋው አለ። ይበልጣል ተነሥቶ መዝጊያውን ያዘ። ያዘና ቆመ። ድምፁ እስኪያልቅ ቆመ። እንደገና ዝጋው ሲባል ዘጋው።

የቀረውን የነገረኝ ሙጨ ነው። አያ እንየው ጨርሰው መስኮቱን እያዩ ጥቂት ጠበቁ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ፤ ደክሟቸው ነበር፣ ድምፃቸውም የማንም አልነበረም።

«ምን አሉ ልበላት?»

ሙጨ ለአንዲት ልጇ ለሞተባት ሴት የሚሆን አንድ ደህና ቃል ፈለገላቸው።

«እናየዋለን ብለዋል ይበሏት፣ አያ።»

«አላሉም» አሉት። «ምንም አላሉም እላታለሁ።»

ጋቢያቸውን አጣፍተው በገሳይ መንገድ ሄዱ።